ልጆቻችን ከፈተና ማግስት ብቻቸውን መሪ እንዲይዙ ስለተወሰነው ውሳኔ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለመሥሪያ ቤቱ የሥልጠናና የፈተና ክፍል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከአጃቢ ጋር የሚደረገው ልምምድ መሰረዙን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

መሥሪያ ቤትዎ በቅርቡ ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ተለማማጆች የተግባር ፈተና ከመውሰዳቸው በፊት መንጃ ፈቃድ ያለው አዋቂ አጠገባቸው ተቀምጦ ለአንድ ዓመት እንዲያሽከረክሩ ያስገድድ የነበረውን ደንብ ሰርዟል። በምትኩ የገባው በዝግ ሜዳ ላይ የሚሰጥ የአንድ ቀን «የላቀ የማሽከርከር ክህሎት» ሥልጠና ነው። ከእንግዲህ ይህን ሥልጠና ተከታትሎ ፈተናውን ያለፈ የ17 ዓመት ልጅ በማግስቱ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል፤ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን ያህል ጓደኛ ጭኖ፣ አጠገቡ አዋቂ ሳይኖር አውራ መንገድ ላይ ይወጣል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ልጆቻችን በዚህ መመሪያ የሚስተናገዱ ወላጆች ነን። መመሪያው ሲረቀቅ አስተያየታችንን የጠየቀን አልነበረም፤ ከወጣ በኋላ በጽሑፍ ያቀረብነው ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም። ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆቻችን በ20ዎቹ አጋማሽ እስኪደርሱ መሪ አይንኩ የሚል አቋም እንደሌለን አስቀድመን ልናስታውቅ እንወዳለን። እንዲያውም ከመካከላችን ልጁ ቶሎ መንዳት እንዲችል የሚፈልግ ብዙ ወላጅ አለ፤ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሥራ የሚሄድ፣ የታመመ ቤተሰብ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ልጅ ያላቸው አሉ። ጥያቄያችን ዝግጁነት እንዴት እንደሚገኝና በምን እንደሚረጋገጥ ነው። አዲሱ መመሪያ ልጁ የተወለደበትን ቀንና አንድ የፈተና ውጤት አይቶ ዝግጁ ነው ይላል። እኛ ደግሞ በየቀኑ አብረናቸው የምንኖር ሰዎች እንደመሆናችን፣ የአንድ ጎረምሳ ዝግጁነት ከሰኞ እስከ ዓርብ እንኳ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደማይቆይ እናውቃለን።

ከመመሪያው ጋር የተያያዘው ማብራሪያ ሁለት ምክንያቶችን ይጠቅሳል። አንደኛው፣ ወላጅ የሚሰጠው ልምምድ በመሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ ልጁ በእርግጥ መለማመዱን ማረጋገጥ አይቻልም፣ ወላጆችም የራሳቸውን መጥፎ ልማድ ያስተላልፋሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ለፈተና የሚጠባበቁት ወጣቶች ቁጥር መብዛቱ ነው። ወረፋው የአስተዳደር ችግር ስለሆነ ፈታኝ በመጨመርና ቀጠሮ በማስተካከል የሚፈታ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ የምንለው የለንም። የመጀመሪያው ምክንያት ግን የሚናቅ ክርክር ስላልሆነ ከዚህ በታች በሰፊው እንመለስበታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን ከማናቸውም ሌላ ምክንያት በላይ የሚገድለው የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ ደግሞ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች፣ በተነዳው ርቀት ልክ ሲሰላ፣ ሕይወት በሚጠፋበት ግጭት ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ዕድሜያቸው 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ አሽከርካሪዎች ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን ያሳያል። ከእነዚህ አኃዞች ይበልጥ መሥሪያ ቤትዎን ሊያሳስበው የሚገባው ግን አደጋው በጊዜ ውስጥ የተሰራጨበት ሁኔታ ነው። ተለማማጁ ከአዋቂ ጋር በሚነዳበት ወቅት የሚደርሰው ግጭት በጣም ጥቂት ነው። ፈቃዱን ይዞ ብቻውን በሚወጣባቸው የመጀመሪያ ወራት በአንድ ጊዜ ይንራል፤ ከዚያም ልምድ እየጨመረ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። አዲሱ መመሪያ እንግዲህ አደጋ እምብዛም የሌለበትን ወቅት ቆርጦ ጥሎ፣ አደጋ የሚበዛበትን ወቅት ወደ ፊት አምጥቶታል።

በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት አደጋ ለመብዛቱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ዕድሜ ነው፤ ነገርን የሚያመዛዝነውና ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊተኛ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ አጋማሽ አካባቢ በመሆኑ፣ ብቻውን ሲሆን አስተዋይ የሆነ ልጅ ጓደኞቹ ሲከቡት ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የአስተዳደግ ጉድለት ነው ለማለት አይቻልም። ሌላው የልምድ ማነስ ሲሆን፣ ይህኛው በ30 ዓመቱ መንዳት የጀመረውንም ሰው ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጀማሪ አሽከርካሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ የተከታተለ ጥናት፣ ጀማሪዎች ከመኪናቸው ፊት ቅርብ የሆነውን አስፋልት አዘውትረው እንደሚመለከቱና ወደ ስፖኪዮ ዓይናቸውን እምብዛም እንደማይጥሉ፣ ልምድ ያላቸው ግን ራቅ አድርገውና ግራ ቀኙን ቃኝተው እንደሚያዩ አሳይቷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ አደጋውን ከአባቱ አንድ ሰከንድ ዘግይቶ የሚያይ ልጅ እግሩን ወደ ፍሬን ከማንሣቱ በፊት ያንን ያህል መንገድ ጨርሷል። የልጁን ዕድሜ ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። ልምዱን ግን አጠገቡ ሰው አስቀምጦ መስጠት ይቻላል፤ የተሰረዘው ደንብ ሥራም ይኸው ነበር።

ወደ ዝርዝር ቅሬታችን ስንገባ፣ የመጀመሪያው የተግባር ፈተናው የሚመዝነው እጅና እግርን ብቻ መሆኑ ነው። ፈተናው ማርሽና ፍሪሲዮን ማስማማትን፣ በምሰሶዎች መካከል ወደ ኋላ መንዳትን፣ አቀበት ላይ መነሣትን፣ ፍሬቻ ማሳየትንና በተሰመረ ቦታ ማቆምን ይለካል። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ንቁ የሆነ ልጅ በጥቂት ሳምንታት የሚለምዳቸው ናቸው። ከእኛ መካከል የአንዲት እናት ልጅ በመጀመሪያ ሙከራው አልፎ ነበር፤ ወደ ኋላ በመንዳት ረገድ አንድም ነጥብ አልተቀነሰበትም። ፈቃዱን በያዘ በሳምንታት ውስጥ፣ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ የቆመን አውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያወርድ መስሎት በግራ በኩል ቀድሞ ሊያልፍ ሲል፣ ከአውቶቡሱ ፊት እየተሻገረች የነበረች ልጅ ድንገት ወጣችበት። ፍሬን ይዟል፤ ግን ዘግይቷል፤ የልጅቱ እግር ተሰበረ። ልጁ ፍጥነት አላበዛም፣ ስልክም አልያዘም ነበር። የቆመ አውቶቡስ ሰው ሊሸሽግ እንደሚችል በመንገድ ላይ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ተፈታኞች በተንቀሳቃሽ ምስል ላይ ሊፈጠር ያለን አደጋ ቀድመው እንዲለዩ የሚጠይቅ ክፍል በንድፈ ሐሳብ ፈተናዋ ውስጥ አስገብታለች። የእኛ ልጆች የሚፈተኑበት ወረቀት ግን ዛሬም ይህን የሚጠይቅ አንድ መስመር የለበትም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ልምምዱን እንዲተካ የተደረገውን የአንድ ቀን ሥልጠና ይመለከታል። ልጆቹ በዝግ ሜዳ ውኃ በተረጨበት አስፋልት ላይ ድንገተኛ ፍሬን መያዝንና የተንሸራተተን መኪና መመለስን ይማራሉ። ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ ወላጅም ደስ ብሎት ይልካል። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር በሌላ አገር ተሞክሮ ውጤቱ የታወቀ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ለጀማሪዎች ይሰጥ የነበረ ተመሳሳይ የአንሸራታች መንገድ ሥልጠና ሲገመገም፣ ሥልጠናውን በወሰዱ ወጣት ወንዶች ላይ በአንሸራታች መንገድ የሚደርሰው አደጋ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ተገኝቷል። ባለሙያዎች የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ አጭር ሥልጠና የሚጨምረው ችሎታ ትንሽ ነው፣ የሚጨምረው በራስ መተማመን ግን ብዙ ነው። የእኛም ልጆች ይህንኑ እያሳዩን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዱ የሆነ የ18 ዓመት ወጣት ዝናብ በጣለ ማግስት የተማረውን ለጓደኞቹ ሊያሳይ ባዶ ግቢ ውስጥ መኪናውን ሆን ብሎ ሲያንሸራትት ከአጥር ጋር ተጋጭቷል። ሰው ባይጎዳም፣ ለአባቱ የሰጠው መልስ «ሜዳው ላይ ተሳክቶልኝ ነበር» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፤ ሜዳው ላይ አሠልጣኙ ፍጥነቱን ወስኖለት፣ መሬቱ ተለክቶ፣ ከፊቱ ማንም እንዳይኖር ተደርጎ ነበር። በአንጻሩ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ከመንሸራተት የሚድነው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ፍጥነት በመቀነሱ ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚገኝ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ቅሬታችን የአጃቢነት ጊዜው ራሱ መሰረዙ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ተለማማጅ ቢያንስ 120 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 20 ሰዓት በሌሊት መንዳቱን በመዝገብ አስፈርሞ ካላቀረበ ለተግባር ፈተና አይቀርብም። በፈረንሳይ በአጃቢነት ሥርዓት የሚማር ወጣት ከ15 ዓመቱ መጀመር ይችላል፤ ቢያንስ አንድ ዓመትና 3000 ኪሎ ሜትር ከአጃቢው ጋር መንዳት ይጠበቅበታል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ልምምድ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ17 ዓመት ተኩል ወደ 16 ዝቅ ስታደርግ ፈቃድ የሚሰጥበትን ዕድሜ በ18 አቆይታለች። ዕድሉን ተጠቅመው በ16 ዓመታቸው የጀመሩት ወጣቶች በአማካይ 118 ሰዓት ያህል ተለማመዱ፤ ከዚያ በፊት የነበረው አማካይ 48 ሰዓት አካባቢ ነበር። ፈቃድ ከያዙ በኋላ የደረሰባቸው አደጋም በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ከቅናሹ የተወሰነው ቀድመው የጀመሩት ልጆች ከመጡበት ቤተሰብ ሁኔታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሌላው ሁሉ ተቀናንሶ የሚቀረው ቀላል አይደለም። ልብ ይበሉ፣ ክቡር ሆይ፤ ስዊድን ልጆቿን ቀድማ መሪ አስያዘች፣ ፈቃዱን ግን አላስቀደመችም። የእርስዎ መመሪያ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

እነዚህ ሰዓታት በምን እንደሚያልፉ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የታወቀ አይመስለንምና ጥቂት እናብራራ። ልጁን የሚያለማምድ ወላጅ በባዶ ግቢ መሪና ፍሬን ያስለምዳል፤ ከዚያ ጸጥ ወዳለ ሰፈር፣ ቀጥሎ አደባባይና መስቀለኛ ወዳለበት፣ ከዚያም ከፍ ባለ ፍጥነት ወደሚነዳበት መንገድ ያወጣዋል። ቀን የተለማመደውን መንገድ በማታ ይደግመዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ልምምዱን ከመሰረዝ ይልቅ «ዛሬ ፍጥነታችን ስንት ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ከፊታችን ካለው መኪና ምን ያህል እንራቅ፣ ያ ብስክሌተኛ ወዴት ሊሄድ ነው፣ የቆመው መኪና በር ቢከፈትስ እያለ ያናግረዋል፤ ልጁም በተራው የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጋል። አሠልጣኝ የነበረ አንድ የቡድናችን አባል እንደሚለው፣ ተለማማጅ ያላየውን ነገር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ያልጠቀሰውን አላየውም ማለት ነውና። ብልህ ወላጅ መመሪያ የሚሰጠው መታጠፊያው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፣ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ አይቆጣም፣ የተፈጠረውን ስሕተት ቆመው ያወሩታል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በተወሰኑ የትምህርት ሰዓታት፣ በቀን ብርሃን፣ ለፈተና በተለመዱ መንገዶች ላይ ብቻ የሚያስተምር የማሠልጠኛ ተቋም ሊሰጠው አይችልም፤ ተቋማቱን ለመውቀስ አይደለም፣ የተከፈላቸው ለዚያ አይደለምና።

ወላጅ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ፈታኝ ሊያውቀው የማይችለው። ልጁ ትናንት ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ ያውቃል፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪሞች የሚመክሩ ቢሆንም፣ በፈተና ሰሞን ይህን ያህል የሚተኛ ጎረምሳ ማግኘት ያዳግታል። ከጓደኛው ተጣልቶ መምጣቱን፣ ሲነቀፍ ይቀበል ወይስ ያኮርፍ እንደሆነ፣ ስልኩ ሲጮህ እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ይሄድ እንደሆነ ያውቃል። ከቡድናችን የአንዱ አባት ልጅ በ17 ዓመቷ መኪናውን ከእሱ ይልቅ በለሰለሰ እጅ ታቆማለች፤ ነገር ግን ራሷ «ማታ ብቻዬን ገና አልችልም፣ የሚመጣው መብራት ያደናግረኛል» አለችው። በዚህ አባት ግምት ከሁሉ በላይ ዝግጁ ያደረጋት ይህ ንግግሯ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ ሚዛን ግን እሷና «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው የዕድሜ እኩያዋ አንድ ናቸው።

አሁን ወላጆች መጥፎ ልማድ ያስተላልፋሉ ወደሚለው እንምጣ። እውነት አለበት። ቁም የሚል ምልክት ላይ ፍጥነት ቀንሶ ብቻ የሚያልፍ፣ ቀበቶውን የትራፊክ ፖሊስ ሲያይ የሚያስር፣ መሪ ይዞ ስልክ የሚያናግር ወላጅ አለ፤ ልጅም ከኋላ ወንበር ሆኖ ለዓመታት ይህንን ሲያይ ያድጋል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ወላጁን ማስወጣት ሊሆን አይችልም፤ ልጁ የአባቱን ልማድ የሚያየው በልምምድ ዓመት ብቻ ስላልሆነ፣ ወላጁን ከአጃቢነት ማስወጣት ልማዱን ከልጁ ዓይን አያርቀውም። አጃቢ የሚሆን ሰው ከአሠልጣኙና ከልጁ ጋር አንድ የጋራ ትምህርት እንዲወስድ ቢደረግ፣ ያረጀ ልማዱንም የሚያርምበት አጋጣሚ ያገኝ ነበር። ማረጋገጥ አይቻልም የተባለውም ቢሆን በሰዓት መዝገብና በአሠልጣኝ የየጊዜው ምዘና የሚፈታ ነው። መዝገቡን በሐሰት የሚሞላ አይጠፋም፤ ግን ለአንዳንዱ ማጭበርበር ሲባል በሐቅ የሚሠራውን ሁሉ ከማስቀረት ይልቅ ፈተናውን ማጥበቅ ይቀላል፤ 120 ሰዓት ነድቻለሁ ያለና ያልነዳ ልጅ አደጋ መለየት በሚጠየቅበት ፈተና ላይ መታወቁ አይቀርም።

አራተኛ፣ አዲሱ ፈቃድ ምንም ገደብ የለውም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈቃድ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥበትን ሥርዓት ተግባራዊ አድርጋለች፤ በካናዳ ኦንታሪዮ በ1994፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ በ1996 ተከትለዋል። በዚህ ሥርዓት ጀማሪው ለተወሰነ ጊዜ በሌሊት ብቻውን እንዳይነዳና ጓደኞቹን እንዳይጭን የሚከለከልበት ምክንያት ልጁን ለመቅጣት ታስቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የ16 ወይም የ17 ዓመት አሽከርካሪ ብቻውን ከሚነዳበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ አንድ ተሳፋሪ ሲጭን በተነዳው ርቀት ልክ የመሞት ዕድሉ በ44 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለት ሲሆኑ እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዕድሜው 35ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አብሮት ሲሳፈር ግን በ62 በመቶ ይቀንሳል። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አብሮት የተቀመጠው ሰው ነው። መመሪያዎ በአንድ አንቀጽ አዋቂውን አስወርዶ፣ ጓደኞቹ ያለ ገደብ እንዲሳፈሩ ፈቅዷል።

የገደቡ መጥፋት በቤት ውስጥ ያመጣውን ለውጥ መሥሪያ ቤትዎ ያሰበበት አይመስለንም። ቀድሞ ወላጅ «ሕጉ አይፈቅድልህም» ሲል ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ ልጁም ለጓደኞቹ ይህንኑ ተናግሮ ክብሩን ሳያጣ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን፣ ማታ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ራቅ ወዳለ ቦታ ልሂድ ያለውን ልጁን የከለከለ አንድ አባት ያገኘው መልስ ከኪስ የወጣ መንጃ ፈቃድ ነበር። «መንግሥት ችለሃል ብሎኛል፣ አንተ ማን ነህ?» የሚል ሙግት በእያንዳንዱ ቤት ገብቷል። ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ጀምረናል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማታ አይነዳም፣ ከአንድ ጓደኛ በላይ አይጭንም፣ ስልኩ ከእጅ በማይደረስበት ቦታ ይቀመጣል፣ ሁሉም ተሳፋሪ ቀበቶ ካላሠረ አይነሣም፣ በማናቸውም ሰዓት ደክሞት ወይም ሌላው ሾፌር ጠጥቶ ከሆነ ቢደውል ያለ ቁጣ ሄደን እናመጣዋለን። ይህ መልካም ነው፣ ሌሎች ወላጆችም እንዲያደርጉት እንመክራለን። ነገር ግን በሕግ ያልተደገፈ የቤት ስምምነት የሚጸናው ልጁ እስከፈቀደ ድረስ ነው፤ ደግሞም ስምምነት ከማይፈራረሙ ቤቶች የሚወጡት ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ስልክ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ያየ ልጅ 33 ሜትር ሳያይ ሄዷል። ይህን የሚመለከት አንድ ገጽ እንኳ በሥልጠና መጽሐፉ ውስጥ አለመኖሩ የሚያስገርም ነው።

አምስተኛ፣ መሥሪያ ቤትዎ ፈቃድ በያዙ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አደጋ ያደረሱና የደረሰባቸው አዲስ አሽከርካሪዎች ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ለሕዝብ አይገልጽም። ሳይገለጽ ውሳኔው መልካም መሆኑን እርስዎም እኛም በምን እናውቃለን?

በቀድሞው ደንብ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ቅሬታ እንዳለም ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። መኪና የሌለው ቤተሰብ ልጅ፣ ወይም ከቤቱ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የሌለ ልጅ፣ አንድ ዓመት ከአጃቢ ጋር ንዳ ሲባል ከየት ያመጣል? በመመሪያው የተደሰቱ ወላጆችም አሉ፤ ምክንያታቸው ይህ ነው፣ ምክንያታቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች ሁሉም እኩል ሳይለማመድ እንዲወጣ ማድረግ ፍትሕ ሊሆን አይችልም፤ ሳይለማመድ የወጣው የድኻው ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ይጋጫል፣ የሚነዳውም አብዛኛውን ጊዜ ያረጀና ግጭትን መቋቋም የማይችል መኪና ነው።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የሚከተለውን እንዲፈጽሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድሞ የመመሪያው አፈጻጸም ታግዶ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ተለማማጆች ከአጃቢ ጋር የሚነዱበት ጊዜ እንዲመለስ፤ ሲመለስም እንደ ቀድሞው ዓመት በመቁጠር ብቻ ሳይወሰን፣ የማታና የዝናብ ልምምድን ያካተተ የሰዓት መዝገብ እንዲኖረው። ልምምድ የሚጀመርበት ዕድሜ ዝቅ ቢል እኛ አንቃወምም፣ ብቻውን የሚወጣበት ጊዜ እንዳይቀድም እንጂ። አጃቢ የሚሆን ሰው ከአሠልጣኝ ጋር የሚወስደው አጭር የጋራ ትምህርትና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ የአጃቢ መመሪያ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ። በተግባር ፈተናው ውስጥ አደጋን ቀድሞ መለየትን የሚመዝን ክፍል እንዲገባ፤ የአንድ ቀን የሜዳ ሥልጠናው ደግሞ ወይ እንዲቀር፣ ወይ የመንሸራተትን ብልሃት ከማስተማር ይልቅ ፍጥነትና ርቀትን ወደማስተማር እንዲለወጥ።

ፈቃድ ለሚሰጣቸው ጀማሪዎች ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በሌሊት ብቻቸውን መንዳትና የዕድሜ እኩያ ተሳፋሪ መጫን የሚገደብበት ድንጋጌ እንዲወጣ እንጠይቃለን፤ ለሥራ፣ ለትምህርትና ለሕክምና የሚደረግ ጉዞ በግልጽ የተለየ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። መኪና ወይም አጃቢ ለሌላቸው ልጆች ማሠልጠኛ ተቋማት በመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት የሚሰጡበት፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ፈቃደኛ አዋቂም ተመዝግቦ አጃቢ መሆን የሚችልበት መንገድ እንዲከፈት፤ የአዲስ አሽከርካሪዎች የመጀመሪያ ዓመት የአደጋ አኃዝም በየዓመቱ ይፋ እንዲደረግ እንጠይቃለን።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ ከሥልጠናና የፈተና ክፍሉ ባለሙያዎች ጋር ፊት ለፊት የምንነጋገርበት ቀጠሮ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። የቀጣዩ የፈተና ዙር ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ውይይቱ ቢካሄድ፣ በዚያ ዙር የሚቀርቡት ልጆች በየትኛው ደንብ እንደሚስተናገዱ አውቀው ይዘጋጃሉ።

ከአክብሮት ጋር

በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ተለማማጅና አዲስ አሽከርካሪዎች ወላጆች ተወካዮች